ዓሣ ጎርጓሪ በካያክ

ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ትልቅ ዓሣ ይመኛል የሚለው አባባል በአጥማጆችም ሆነ አጥማጆችን በሩቅ በሚያውቁ ሰዎች ዘንድ ያለ ክርክር የሚታመን ቢሆንም፣ ምኞቱን ቀረብ ብለው ሲመረምሩት የታችና የላይ ወሰን ያለው ሆኖ ይገኛል። የታችኛው ወሰን የባልንጀራ ዓሣ ነው፤ የሚመኙት ዓሣ ሌላው አጥማጅ ባለፈው ሳምንት ታቅፎ ፎቶግራፍ ከተነሣው ዓሣ በጥቂቱም ቢሆን መብለጥ አለበት። የላይኛው ወሰን ደግሞ አጥማጁ የተቀመጠበት ጀልባ ነው፤ ዓሣው ከጀልባው የረዘመ እንደሆነ ምኞትነቱ ያበቃና ጉዳዩ ወደ ጸሎት ይዛወራል። በትልልቅ መርከቦች ላይ ሆነው ለሚያጠምዱ ሰዎች ይህ የላይኛው ወሰን በተግባር የለም፤ ከመርከባቸው የሚረዝም ዓሣ በውቅያኖስ ውስጥ ስለማይገኝ ያለ ስጋት እንዳሻቸው ሊመኙ ይችላሉ። ወሰኑ ትርጉም የሚያገኘው ሰው በካያክ ተቀምጦ ወደ ባሕር ሲወጣ ነው።

ካያክ ማለት አንድ ሰው፣ አልፎ አልፎም ሁለት ሰው፣ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ የሚቀመጥበት፣ ሁለቱም ጫፉ የሾለ፣ በግራና በቀኝ ምላስ ባለው አንድ መቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ ነው። ጥንት የሠሩት በሰሜን ዋልታ ዙሪያ የሚኖሩ እንደ ኢኑይት ያሉ ሕዝቦች ሲሆኑ፣ ባሕር ጠርጎ ካመጣው እንጨት ወይም ከዓሣ ነባሪ አጥንት በተበጀ ማገር ላይ የሲል ቆዳ ይወጥሩበት ነበር፤ ሲል የሚባለውም በባሕርና በየብስ እየተመላለሰ የሚኖር፣ ስቡ የወፈረ አጥቢ እንስሳ ነው። እነዚያ አዳኞች በካያክ የሚወጡት ትልቅ እንስሳ ፍለጋ ስለነበር ትልቅ እንስሳ ሲያገኙ የሚገረሙበት ምክንያት አልነበረም። የዛሬው የዓሣ ማጥመጃ ካያክ ግን ከፕላስቲክ የሚቀረጽ፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4.5 ሜትር የሚረዝም፣ ወርዱ አንድ ሜትር የማይሞላ፣ ተቀማጩ ከላዩ ላይ የሚቀመጥበት የመዝናኛ ዕቃ ሆኗል። የጣናን የደንገል ታንኳ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ በታንኳ ላይ ያለ ሰው ከውሃው በስንዝር ከፍታ ላይ እንደሚገኝና ጉማሬ ብቅ ባለ ጊዜ ያን የሚያህል ሐይቅ በድንገት እንደሚጠብበት ሁሉ፣ በካያክ ላይ ያለ አጥማጅም ከውቅያኖሱ ጋር ያለው ጉርብትና አጥር የለውም።

ዘመናዊው ካያክ በዕቃ ረገድ አይታማም። ከተቀማጩ ኋላ የማጥመጃ ዘንጎች ተተክለው ይቆማሉ፣ የተያዘው ዓሣ የሚቀመጥበት የበረዶ ከረጢት ይታሰራል፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ዓሣ ጠቋሚ መሣሪያ ይገጠማል፤ ይህም ድምፅ ወደ ታች ልኮ የገደል ማሚቶውን በመቀበል ከካያኩ በታች ያለውን ነገር በትንሽ መስኮት ላይ በሥዕል የሚያሳይ ነው። በመስኮቱ ላይ ወፍራም ቅስት በታየ ቁጥር አጥማጁ ደስ ይለዋል፤ ትልቅ ዓሣ በሥዕል መልክ እስካለ ድረስ ከማንም ጋር ጠብ የለውምና። ዓይን ግን እንደ መሣሪያው አልታደለም። የተቀማጩ ዓይን ከውሃው ወለል ከ80 ሳንቲ ሜትር ብዙም ከፍ ስለማይል፣ በምድር ክብነት ምክንያት አድማሱ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያበቃል፤ ወደ ታች ደግሞ የፀሐይ ነጸብራቅና የውሃው ድፍርስነት ብዙ አያሳየውም። እንዲህ ባለ ጠባብ ዓለም መካከል ለተቀመጠ ሰው ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር የለም፤ የሚመጣው ሁሉ በድንገት ነው።

ይህ ዓይነቱ ማጥመድ እጅግ ከተለመደባቸው ስፍራዎች አንዱ በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ በሳን ዲየጎ ከተማ ክልል የሚገኘው የላ ሆያ ጠረፍ ነው። አጥማጁ ጎሕ ሲቀድ የዳርቻውን ማዕበል ሰንጥቆ ይወጣና በመጀመሪያ ማኬሬል የሚባሉትን፣ ጀርባቸው ዝንጉርጉር የሆነ በመንጋ የሚዋኙ ዓሦችን፣ ያጠምዳል። እነዚህን ለራት አያስባቸውም፤ ውሃ በሚመላለስበት ቱቦ ውስጥ ያኖራቸውና አንድ በአንድ ከነሕይወታቸው መንጠቆ ላይ ሰክቶ ከካያኩ ኋላ እየጎተተ ይቀዝፋል። የሚጠብቀው ባለ ቢጫ ጅራቱን፣ ጉልበተኛውን የሎውቴይል፣ ወይም ሥጋው የሚወደደውን ነጭ ሲባስ ነው። ሆኖም ዓሦች በሁለቱም ጎናቸው በተዘረጋው፣ የጎን መስመር በሚባለው የስሜት አካላቸው የውሃን ንዝረት ይሰማሉ፤ ሻርኮች ደግሞ በዚህ ሳይወሰኑ በአፍንጫቸው ዙሪያ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አማካይነት የሌላው እንስሳ ጡንቻ የሚፈጥረውን ደካማ ኤሌክትሪክ እንኳ ይለያሉ። መንጠቆ ላይ ያለ ማኬሬል ሲወራጭ የሚያስተላልፈው ጥሪ የተጠሪው ስም ያልተጻፈበት በመሆኑ፣ የሎውቴይል ብቻ ይምጣ ማለት አይቻልም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚለውን ምሳሌ የተናገሩት አበው ሰላማዊ ውቅያኖስን ባያዩትም፣ የላ ሆያን አጥማጅ ጉዳይ ከእነርሱ አሳጥሮ የገለጸው የለም።

ትልቅ ዓሣ በባሕር ዳር ሲታይ ሰው የሚደነግጠው በአእምሮው የያዘው የባሕር ካርታ ከእውነተኛው ስለሚለይ ነው። በዚህ ካርታ መሠረት ዳርቻው ለሰው፣ መካከሉ ለትናንሽ ዓሦች፣ ከአድማስ ወዲያ ያለው ደግሞ ለግዙፋን ተደልድሏል። የላ ሆያ ባሕር ድልድሉን አልተቀበለም። ከዳርቻው ጥቂት መቶ ሜትሮች እንኳ ሳይርቅ የባሕሩ ወለል ተሰንጥቆ ወደ ጥልቅ ሸለቆ ይወርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1903 የተመሠረተው የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም በዚሁ ጠረፍ ላይ መገኘቱ ለአጥኚዎቹ ጥልቁን ባሕር ለመመርመር ረጅም መንገድ የማያስፈልግበትን ስፍራ ሰጥቷቸዋል። ወደ ሰሜን ከፍ ሲሉ፣ በሞንተሬይ ወሽመጥ፣ በጥልቀቱ ከታላቁ የግራንድ ካንየን ገደል ጋር የሚነጻጸር የባሕር ውስጥ ሸለቆ ራሱን ሞስ ላንዲንግ ከምትባለው ትንሽ ወደብ አፍ ሥር ተንተርሶ ይጀምራል። በሃዋይ ደሴቶች ደግሞ መሬቱ ከባሕር ወለል የበቀለ የእሳተ ገሞራ ተራራ ስለሆነ፣ በኮና ጠረፍ ውሃው በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ በዚህም ምክንያት ባለ ረጅም ምንቃሩ ማርሊንና ቱና በሌላ አገር መርከብ የሚጠይቁ ሲሆኑ በዚያ ግን በመቅዘፊያ የሚደረስባቸው ናቸው።

ጥልቀቱ መንገድ ሲሆን፣ የመንገደኛው ምክንያት ምግብ ነው። በካሊፎርኒያ ጠረፍ በጸደይና በበጋ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የላይኛውን ውሃ ከዳርቻው ሲያርቀው በምትኩ ቀዝቃዛና በንጥረ ነገር የበለጸገ ውሃ ከታች ይወጣል፤ በዚህ ውሃ ፕላንክተን የሚባሉት ደቃቅ ተንሳፋፊ ሕይወታውያን ይራባሉ፣ እነርሱን ሳርዲንና አንቾቪ ይበላሉ፣ ሳርዲንና አንቾቪን ደግሞ ከእነርሱ የሚበልጥ ሁሉ ይበላል። በዚህ ላይ ኬልፕ የሚባለው፣ ከባሕሩ ወለል ተነሥቶ እስከ ውሃው ገጽ የሚደርሰው ቡናማ የባሕር አረም፣ ከዳርቻው አጠገብ ደን ሠርቶ ለትናንሾቹ መሸሸጊያ፣ ለትላልቆቹ ደግሞ ማድቢያ ይሆናል። አጥማጁም ወደ ኬልፑ ጠርዝ የሚቀዝፈው በዚያ ዓሣ እንደሚበዛ ሰምቶ ነው። ከሌሎቹ አዳኞች ጋር አንድ ዓይነት መረጃ ይዞ፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ስፍራ ደርሶ ሲያበቃ በመገናኘታቸው የሚገረመው እርሱ ብቻ ነው።

ከሚያጋጥሙት መካከል በጨዋነቱ ቀዳሚ የሚሆነው ግዙፉ ሲባስ ነው። ይህ ዓሣ ከ2 ሜትር በላይ ሊረዝምና ከ250 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን የሚችል፣ ከ70 ዓመት በላይ የሚኖር፣ ጠላቂ ዋናተኛ ሲያይ ሳይሸሽ ቀርቦ የሚመለከት የኬልፕ ደን ነዋሪ ሲሆን፣ በአጥማጆች የክብረ ወሰን መዝገብ የሰፈረው ትልቁ እ.ኤ.አ. በ1968 በአናካፓ ደሴት የተያዘውና 255 ኪሎ ግራም ያህል የመዘነው ነው። በብዛት በመጠመዱ ቁጥሩ እጅግ ስለ ተመናመነ፣ የካሊፎርኒያ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ መዝናኛ አጥማጆች እንዳይዙት ከልክሏል፤ በስሕተት መንጠቆ ቢነክስም ወዲያውኑ መለቀቅ አለበት። የካያኩ አጥማጅ የሎውቴይል መስሎት ለብዙ ደቂቃ ታግሎ ወደ ላይ ያወጣው ፍጥረት በዕድሜ ከእርሱ በልጦ አንቱ ሊባል የሚገባው ሽማግሌ ሆኖ ይገኛል። በሕይወት ዘመኑ ያጠመደውን ትልቁን ዓሣ በሕግ አስገዳጅነት ከመሰናበቱ በላይ የሚያስቆጨው ግን፣ ዓሣው መንጠቆው ሲወልቅለት አንድም ጊዜ ዘወር ብሎ ሳያይ ወደ ደኑ መመለሱ ነው።

ትሬሸር የሚባለው ሻርክ ጠባዩ ሌላ ነው። የጅራቱ የላይኛው ክፍል የቀረውን አካሉን ሊያህል የሚደርስ ሲሆን፣ ይህን ጅራት በሳርዲን መንጋ ውስጥ እንደ ጅራፍ እያጮኸ የሚመታቸውን አፍዝዞ ይለቅማቸዋል። የሚጎተተውን ማኬሬል ባየ ጊዜም በመጀመሪያ የሚሰነዝረው ጅራቱን ስለሆነ ብዙ ጊዜ መንጠቆው የሚይዘው በአፉ ሳይሆን በጅራቱ በኩል ነው። ከዚህ በኋላ ዓሣው ፊቱን ወደ ጥልቁ፣ ጀርባውን ወደ አጥማጁ አድርጎ ይጓዛል፤ ካያኩም ይከተላል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የናንተኬት ደሴት ዓሣ ነባሪ አዳኞች በጦር የወጉት እንስሳ ታንኳቸውን በማዕበል ላይ እንደሚጎትት በሰፊው የተጻፈ ሲሆን፣ እነርሱ ግን ስድስት ሆነው ነበር፣ ከትርፉም ድርሻ ይከፈላቸው ነበር። የካያኩ አጥማጅ ብቻውንና በራሱ ወጪ ነው የሚጎተተው። በዚህ ጊዜ ክሩን በቢላ መቁረጥ እንደሚቻል የማያውቅ የለም፤ ሆኖም ክሩ የሚቆረጠው ከሚገባው ጊዜ እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ዓሣውን ያሰረው ክር አጥማጁንም በሌላው ጫፍ አስሮታልና።

አንዳንዱ እንግዳ ግን የሚያስፈራው በመልኩ ብቻ ነው። ሞላ የሚባለው የውቅያኖስ ዓሣ ከ2 ቶን በላይ ሊመዝን የሚችል፣ ከአንገት በታች ያለው አካሉ የተረሳ የሚመስል፣ ጅራት በሚገባው ስፍራ የተቀነበበ ጠርዝ ብቻ ያለው ክብ ፍጥረት ሲሆን፣ በቀዝቃዛው ጥልቅ ውሃ ሲመገብ ከቆየ በኋላ ሰውነቱን ለማሞቅ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ በሚታመን ሁኔታ ውሃው ገጽ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ክንፉን ያወዛውዛል። ክንፉ ከሩቅ የሻርክ ስለሚመስል ብዙ ካያክ ከእርሱ ሸሽቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በቦስተን አካባቢ በጀልባ ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች ይህንኑ ዓሣ አይተው አንዴ የባሕር ኤሊ፣ አንዴ የዓሣ ነባሪ ጫጩት ነው እያሉ በከፍተኛ ድምፅ ሲመራመሩ የቀረጹት ፊልም በዓለም ዙሪያ ተሠራጭቷል። ባስኪንግ የሚባለው ሻርክም ከዓሣ ሁሉ በግዝፈት ሁለተኛ ሆኖ ሳለ አፉን በርግዶ ከፍቶ ፕላንክተን እያጣራ ከመዋኘት ሌላ ተግባር የለውም፤ በአፉ ውስጥ ሰው ሊቀመጥበት የሚችል ስፋት መኖሩን ግን ፕላንክተን ብቻ ይበላል የሚለው የመጽሐፍ ቃል በባሕር ላይ ሊያስረሳ አይችልም።

እንግዳው ከአገሩ ርቆ የሚመጣበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 የሰሜን ምሥራቅ ሰላማዊ ውቅያኖስ ውሃ ከልማዱ እጅግ ሞቆ ነበር፤ በዚያ ላይ ኤልኒኞ፣ ማለትም የምድር ወገቡን ውቅያኖስ በየጥቂት ዓመቱ እያሞቀ የዓለምን አየር የሚያዛባው ክስተት፣ ተጨመረበት። በዚህ ምክንያት በሜክሲኮ ውሃ ይኖሩ የነበሩ ዓሦች ሙቀቱን ተከትለው ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ ወጡ። አጥማጆች ቱናውንና ዋሁ የተባለውን ፈጣን ዓሣ በእልልታ ሲቀበሉ፣ ከእነዚሁ ጋር ግንባሩ በግራና በቀኝ እንደ መዶሻ የተዘረጋው ሀመርሄድ ሻርክ ተከትሎ መጣ፤ በ2015 በበርካታ ስፍራዎች ካያኮችን እግር በእግር እየተከተለ አስቸግሯል። ሻርኩ በካያኩ ላይ የተዘረጋውን የዓሣ ሽታና ደም ፈልጎ እንደሆነ ግልጽ ቢሆንም፣ ተከታዩ ሲዞሩ የሚዞር፣ ሲቆሙ የሚቆም፣ በመቅዘፊያ ሲነኩት ለጥቂት ጊዜ ተሰናብቶ የሚመለስ በመሆኑ ሰውየው በግል የተፈለገ ይመስለው ነበር።

ስለ ዓሣ በሚነገርበት ስፍራ ዓሣ ነባሪን ማንሣት በሳይንስ ሕግ ስሕተት ነው፤ ዓሣ ነባሪ በሳንባው የሚተነፍስ፣ ልጁን የሚያጠባ እንስሳ እንጂ ዓሣ አይደለምና። ይህ ምደባ ግን በካያክ ላይ ያለውን ጠቀሜታ አጥኚዎች እስካሁን አላብራሩም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 በሞስ ላንዲንግ ፊት ለፊት አንድ ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ ከውሃው ዘልሎ ሁለት ሰዎች በተቀመጡበት ካያክ ላይ ወደቀ፤ ሁለቱም በሕይወት ተረፉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በካሊፎርኒያው አቪላ ቢች ሌላ ሃምፕባክ የትናንሽ ዓሦች መንጋ ለመዋጥ አፉን ከፍቶ ሲወጣ ሁለት ሴቶች የተቀመጡበትን ካያክ ከመንጋው ጋር አፍሶ አነሣው፤ እነርሱም ጉዳት ሳይደርስባቸው ወጡ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ደግሞ በቺሊ፣ በማጄላን መተላለፊያ፣ አንድ ወጣት አባቱ ፊልም እየቀረጸ ሳለ ከነትንሽ ጀልባው ለጥቂት ሰኮንዶች በሃምፕባክ አፍ ውስጥ ቆይቶ ተለቀቀ። የሃምፕባክ ጉሮሮ ጠባብ በመሆኑ ሰውን መዋጥ አይችልም። በየዓመቱ ጾመ ነነዌን የሚጾም አንባቢ ዮናስ በዓሣው ሆድ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት መቆየቱን ስለሚያውቅ፣ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር የዘመኑ ቆይታ ለንስሐ ቀርቶ ራስን ለማስተዋወቅ እንኳ እንደማይበቃ ይገነዘባል።

የታየው ዓሣ ምን ያህል ነበር የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ጥናት ይጠይቃል። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ አቅጣጫው ስለሚሰበር፣ በውሃ ውስጥ ያለ ነገር ከላይ ለሚመለከተው ሰው ከእውነተኛ ጥልቀቱ በሩብ ያህል ቀርቦ ይታየዋል፤ 4 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ሻርክ 3 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል፣ የቀረበም ነገር ይገዝፋል። ስለዚህ አጥማጁ ገና አፉን ሳይከፍት ባሕሩ ራሱ አጋኖ ነግሮታል። በዚህ ላይ ፍርሃት የራሱን ድርሻ ይጨምራል፣ ወደ ዳርቻ የሚደረገው ፈጣን ቀዘፋም ሌላ አንድ ሜትር ያህል ያስረዝመዋል፣ የቀረውን ደግሞ አድማጩ ራሱ በአግራሞቱ ያሟላዋል። አሳዛኙ ነገር ካሜራው በተቃራኒው አቅጣጫ መዋሸቱ ነው፤ በካያክ ላይ የሚገጠሙት ትናንሽ ካሜራዎች ሰፊ እይታ እንዲይዙ የተሠሩ በመሆናቸው ራቅ ያለውን ነገር ሁሉ አሳንሰው ያሳያሉ። ሰውየው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጨምር እውነቱን ቢናገር፣ ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው ፊልም ዓሣውን አሳንሶ ያሳጣዋል። ታማኝ መለኪያ ሆኖ የሚቀረው ካያኩ ነው፤ ርዝመቱ በፋብሪካ የታወቀ ስለሆነ ከጎኑ ያለፈው ሻርክ አፍንጫው ከፊተኛው ጫፍ፣ ጅራቱ ከኋለኛው ጫፍ የደረሰ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ይህ ሁሉ መደነቅ የተመሠረተው ትልቁ ዓሣ አልፎ አልፎ ይመጣል በሚለው እምነት ላይ ሲሆን፣ እምነቱን ድሮን የሚባለው ሰው አልባ በራሪ ካሜራ አፍርሶታል። በሎንግ ቢች የሚገኘው የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሻርክ ጥናት ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 በ26 የደቡብ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻዎች ላይ ከ1,500 በላይ የድሮን በረራዎች አድርገው ውጤቱን በ2023 አሳትመዋል። ወጣት ነጭ ሻርኮች በሚሰበሰቡባቸው ሁለት ስፍራዎች፣ አንዱ በሳንታ ባርባራ ሌላው በሳን ዲየጎ አውራጃ፣ ቅኝት ከተደረገባቸው ቀናት በ97 በመቶው ሰውና ሻርክ በአንድ ውሃ ውስጥ ተገኝተዋል። ነጭ ሻርክ ሲወለድ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር የሚረዝም ሲሆን፣ በልጅነቱ ሞቅ ባለው ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ በአሸዋው ላይ የሚኖሩ ዓሦችን እየለቀመ ያድጋል፤ ዳርቻው ለእርሱ ማደጊያ ሰፈሩ ነው። ከሻርኮቹ አብዛኞቹ በሚዋኙት ሰዎች ሥርና ጎን እያለፉ ምንም ትኩረት ሳይሰጧቸው ታይተዋል። ስለዚህ አጥማጁ አንድ ቀን ሻርክ አየሁ ብሎ ከተማውን ሲያውክ፣ በዚያ ቀን የተለወጠው የሻርኩ መምጣት ሳይሆን የሰውየው ዘወር ብሎ ማየት ነው።

ቀልዱ ግን ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 በማሳቹሴትስ ግዛት በፕሊመዝ ፊት ለፊት ሲሎችን ፎቶግራፍ ሲያነሡ የነበሩ ሁለት ካያከኞች በነጭ ሻርክ ተገልብጠው ያለ ጉዳት ወጥተዋል፤ በግንቦት 2023 በሃዋይ ኦዋሁ ደሴት ጠረፍ አንድ አጥማጅ ታይገር የተባለው ሻርክ ካያኩን ሲነክስበት በእግሩ ገፍቶ አምልጧል። በታኅሣሥ 2013 ግን በማዊ ደሴት ጠረፍ እግሩን ከካያኩ ውጪ ወደ ውሃው አንጠልጥሎ ያጠምድ የነበረ ሰው ተነክሶ ሕይወቱ አልፏል። ነባር አጥማጆች እግር ከካያኩ አይውጣ፣ የተያዘ ዓሣ በገመድ ታስሮ በውሃ ውስጥ አይጎተት፣ የታረደ ዓሣ ደም በሚያጠምዱበት ስፍራ አይፍሰስ፣ ሻርክ ደጋግሞ ከቀረበ ስፍራውን መልቀቅ ነው የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ ሌላ የሚመክሩት የሕይወት ማዳኛ ጃኬት፣ የባሕር ሬዲዮና የጉዞ ባልንጀራ ነው። ባልንጀራው ለእርዳታ ብቻ ሳይሆን ለምስክርነትም ስለሚያስፈልግ ይህ የመጨረሻው ምክር ከሁሉ በላይ በታማኝነት ይፈጸማል።

በትንሽ ጀልባ ከትልቅ ዓሣ ጋር መገናኘትን አዲስ ነገር የሚያደርጉ ሰዎች የእንግሊዝን የስካርብሮ ከተማ ታሪክ ቢያነቡ ይጠቅማቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ እየተከተለ ወደ ሰሜን ባሕር የሚገባውን ብሉፊን ቱና ለማጥመድ የአገሪቱ መኳንንትና ባለጸጎች በዚያች ከተማ ይሰበሰቡ ነበር። እስከ ስፍራው በትልቅ መርከብ ተጉዘው ለፍልሚያው ግን በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ቀዘፋ ጀልባ ይወርዱ ነበር፤ በ1933 ሎሬንዞ ሚቼል ሄንሪ የተባለው አጥማጅ 386 ኪሎ ግራም ያህል የመዘነ ቱና በዚህ ዓይነት ይዞ የአገሩን ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ሄሪንጉ በመርከቦች ብዛት ተጠምዶ ሲመናመን ቱናውም በ1950ዎቹ ከአካባቢው ጠፋ፤ ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በኮርንዎልና በዴቨን ጠረፍ በብዛት እየታየ ነው። በመካከሉ ባለፉት ስልሳ ዓመታት የተወለደ እንግሊዛዊ በካያኩ አጠገብ ቱና ሲዘል ባየ ጊዜ ተአምር ነው ቢል አይፈረድበትም፤ አያቱ ቢኖሩ ግን ለምን እንደ ዘገየ ይጠይቁ ነበር።

በካሊፎርኒያም የመመለሱ ታሪክ በሰነድ የተያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የግዛቲቱ ሕዝብ በተራ ቁጥር 132 በቀረበለት ውሳኔ ላይ ድምፅ ሰጥቶ፣ ዓሣን በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት የጎን አካሉ፣ አንቆ የሚይዘው መረብ ከደቡቡ ጠረፍ አቅራቢያ ካለው ውሃ እንዲወጣ ወሰነ፤ እገዳውም በ1994 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት ነጭ ሻርክ በግዛቲቱ ሕግ ጥበቃ ተደረገለት፤ ሲሎችና የባሕር አንበሶች ደግሞ በ1972 በወጣው የአገሪቱ የባሕር አጥቢዎች ጥበቃ ሕግ አስቀድመው ተጠብቀው በዝተው ነበር። በመረብ ይሞቱ የነበሩት የሻርክ ልጆች ማደግ ጀመሩ፣ ግዙፉ ሲባስ በኬልፑ ደን እንደገና ይታይ ጀመር፤ አጥማጁ ጎሕ ሳይቀድ ከአልጋው የሚነሣለት ነጭ ሲባስም ያገገመው በዚሁ እገዳ ምክንያት ነው። እንግዲህ ከካያኩ ጎን ብቅ ያለው ክንፍ እዚያ የደረሰው በአብላጫ ድምፅ ነው ማለት ይቻላል። አጥማጁ ቅሬታ ካለው በምርጫ ጣቢያ በኩል ማቅረብ መብቱ ነው፤ ከማቅረቡ በፊት ግን የበረዶ ከረጢቱን ከፍቶ ማየት ይኖርበታል፤ ከረጢቱን የሞላለትና ክንፉን ያሳየው ሕግ አንድ ስለሆነ፣ አንዱን ጠብቆ ሌላውን የሚሽር ማሻሻያ የሚያረቅቅ የሕግ ባለሙያ እስካሁን አልተገኘም።